የአጋዘን ዕድሜ ከቁመናው፣ ከቀንዱና ከመንጋጋው እንዴት ይለያል?

ጥርስ ተመልካች (ውይይቱን የከፈተ)

በአጋዘን ፎቶዎች ሥር «ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ ስላለው ስምንት ዓመቱ ነው» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይጻፋል። ይህ ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። መንጋ የሚቆጥር ሰው የዓመት ተኩሉን ጎረምሳ ከአምስት ዓመቱ ኮርማ ጋር ካምታታ፣ በመንጋው ውስጥ ስንት ጎልማሳ እንዳለ የሚይዘው መዝገብ ከመሠረቱ ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የሚታወቀውን አንድ ላይ እንሰብስብ። የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ አጋዘን ስንል ብዙ ጊዜ ኩዱን ማለታችን ነው። የኩዱ ቀንድ አይወድቅም፤ ከሥሩ እየጨመረ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። እዚህ የምንነጋገርበት ግን ቅርንጫፍ ያለው የአጥንት ቀንድ አብቅሎ በየዓመቱ የሚጥለው እንስሳ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ዋላ የሚባለው። ዝርያ ካልጠቀስኩ የምናገረው ስለ ሰሜን አሜሪካው ነጭ ጭራ አጋዘን ነው። ወቅቶቹም የዚያው አገር ናቸው፤ በጋ የምንለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሙቀት፣ ክረምት የምንለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ብርድ ነው።

ዕድሜው ለምን 1.5፣ 2.5፣ 3.5 እየተባለ ይቆጠራል? ግልገሎቹ በአብዛኛው በግንቦትና በሰኔ ገደማ ይወለዳሉ፤ እንስሳው በብዛት የሚታየውና የሚመዘነው ደግሞ በመጸው፣ በስሪያው ወቅት ነው። ያን ጊዜ ግልገሉ ግማሽ ዓመት፣ ያለፈው ዓመት ልጅ ዓመት ተኩል ይሆነዋል። ልክ ሁለት ዓመት የሆነው አጋዘን በኅዳር አይገኝም።

አሁን ወደ ቁመናው። የወንዱን ቀንድ በፎቶው ላይ በአውራ ጣት ሸፍኑትና ገላውን ብቻ እዩ። የሚታዩት አራት ቦታዎች ናቸው፤ አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት፣ የደረቱና የሆዱ መስመር፣ የጀርባው መስመር፣ እንዲሁም የእግሩ ርዝመት ከደረቱ ጥልቀት ጋር ሲነጻጸር።

በ1.5 ዓመቱ እግሩ ረጅምና ቀጭን፣ አንገቱም ቀጭን ነው። ቀንዱ ሲሸፈን ሴት ይመስላል። ሽንጡ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ አንገቱ ከትከሻው የሚለይበት ቦታ በግልጽ ይታያል።

በ2.5 አንገቱ በስሪያ ወቅት ትንሽ ያብጣል፤ ትከሻው ሥጋ መያዝ ይጀምራል። እግሩ ግን አሁንም ለገላው የረዘመ ነው፤ ወገቡም ቀጭን ነው።

በ3.5 ለውድድር የሠለጠነ ፈረስ ይመስላል። ደረቱ ጠልቋል፤ አንገቱ በደንብ አብጧል፤ ሆኖም አንገትና ትከሻ አሁንም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይታያሉ። ሽንጡ ከደረቱ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰው «ሙሉ ኮርማ» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በ4.5 አንገቱ ወደ ትከሻው ይቀልጣል፤ ወገቡ ይወርድና የሆዱ መስመር ከደረቱ ጋር እኩል ይሆናል። እግሩ ያጠረ ይመስላል። በእርግጥ አላጠረም፤ የእግር አጥንት እድገቱን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ደረትና ሥጋ ግን ከዚያ በኋላም ይጨምራሉ። ደረቱ ስለወረደ ነው እግሩ ያጠረው የሚመስለን።

ከ5.5 እስከ 6.5 አንገቱ ከደረቱ ጋር አንድ ግንድ ይሆናል፤ ሆዱ ይንጠለጠላል፤ ጀርባው መሃሉ ላይ መርገብ ይጀምራል፤ በመንጋጋው ሥር ቆዳው ይላላል። ከ7.5 በላይ ደግሞ ሥጋው ከትከሻውና ከዳሌው ላይ ይሸሻል፤ አጥንቱ ይወጣል፤ የቀንዱም መጠን ሊቀንስ ይችላል።

የሜዳ ቆጣሪ

በዝርዝሩ እስማማለሁ። አንድ የቀረ ነገር ግን አለ፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው በትክክለኛው ወቅት ነው። ያው አጋዘን በነሐሴ፣ በኅዳርና በጥር ሦስት የተለያዩ እንስሳት ይመስላል። በበጋው ፀጉሩ አጭርና ቀላ ያለ፣ አንገቱም ቀጭን ስለሆነ የአምስት ዓመቱ ሦስት ይመስላል። በስሪያው መዳረሻ አንገቱ ሲያብጥና የክረምት ፀጉሩን ሲለብስ ልዩነቱ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ስሪያው ሲያልቅ ደግሞ ወንዱ ከክብደቱ ከአምስት አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አጥቶ ይገኛል፤ ያኔ ሆዱ ወደ ላይ ይሰበሰብና ጎልማሳው ወደ ጎረምሳ ይመለሳል። በጥር ፎቶ «ሽንጡ ቀጭን ስለሆነ ወጣት ነው» ብሎ መፍረድ አይገባም።

ሌላ ምልክት ደግሞ በኋላ እግሩ ቋንጃ ላይ፣ በውስጥ በኩል ያለው የጠረን ዕጢ ነው። በስሪያ ወቅት እንስሳው በላዩ ላይ ይሸናበታልና ፀጉሩ ይጠቁራል። በጎረምሳው ላይ ጥቁረቱ ትንሽና እዚያው ዕጢው ላይ የተወሰነ ነው። በጎልማሳው ላይ ሰፍቶ በእግሩ ውስጣዊ ገጽ ወደ ታች ይወርዳል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከአንገቱና ከሆዱ ጋር ሲገጥም ግን ጥሩ ማጠናከሪያ ነው።

ዝግባ

ጥያቄ አለኝ። ቀንዱ ዕድሜ የማይናገር ከሆነ ጭራሽ አንየው ማለት ነው? የትንሹና የትልቁ ቀንድ ልዩነት ዓይን ላይ የሚወድቅ ነው እኮ።

ጥርስ ተመልካች

ዝግባ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ቀንዱ የሚናገረው በዋናነት የምግቡን፣ የዘሩንና የዚያን ዓመት ጤንነቱን ነገር ነው፤ ዕድሜ የሚመጣው ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ ነው። ቀንድ በፀደይ መብቀል ይጀምራል፤ በከፋይ መሰል ቆዳ ተሸፍኖ በበጋው ያድጋል፤ በበጋው መጨረሻ ቆዳው ደርቆ ይገፈፋል፤ ከስሪያው በኋላ በክረምቱ ይወድቃል። እንግዲህ በየዓመቱ ከዜሮ የሚሠራ ዕቃ ነው። ጥሩ ግጦሽ ያገኘ የ1.5 ዓመት ጎረምሳ ስምንት ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል። ዘግይቶ የተወለደ ወይም የተራበ እኩያው ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ ሾሎች ብቻ ያወጣል። በሁለቱ መካከል የዓመት ልዩነት የለም።

በጥቅሉ የቀንዱ ግዝፈት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 7 ዓመት ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ገላው ማደጉን ሲጨርስ ለአጥንትና ለሥጋ ይውል የነበረው ምግብ ወደ ቀንዱ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ፣ ተመሳሳይ ግጦሽ ባላቸው እንስሳት መካከል፣ የቀንዱ ውፍረት ከቅርንጫፉ ቁጥር የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል። ስፋቱን ለመገመት ጆሮውን መለኪያ ማድረግ ይቻላል፤ ነጭ ጭራው ጆሮዎቹን ወደ ፊት አቅንቶ ሲቆም ከጫፍ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የ1.5 ዓመቱ ቀንድ በአብዛኛው ከጆሮዎቹ ጫፍ ውስጥ ይቀራል። ይሁንና በጠባቡ የሚቆም ቀንድ ያለው ጎልማሳም ስላለ፣ ይህን «ሰፊ ከሆነ ምናልባት ጎረምሳ አይደለም» ለማለት ብቻ ተጠቀሙበት እንጂ በግልባጩ አትጠቀሙበት።

ሰኮና

የአውሮፓውን ቀይ አጋዘን ለሚያዩ፣ ከቀንዱ ላይ ከቅርንጫፍ ቁጥር የሚበልጥ ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው የሥሩ ጉብታማ ቀለበት ነው። ቀይ አጋዘን መጀመሪያ የሚያወጣው ቀንድ ሾል ብቻ ሲሆን በሥሩ ቀለበት የለውም። ከዚያ በኋላ የሚያወጣቸው ግን ቀለበት አላቸው። ስለዚህ ሾል ቀንድ ያለው እንስሳ ብታዩ ሥሩን ተመልከቱ። ቀለበት ከሌለው የመጀመሪያ ቀንዱ ነው፤ ቀለበት ካለው ግን ዕድሜው የሄደ፣ ቀንዱ ያልሰመረለት እንስሳ ነው። ይህን በመነጽር ወይም በጥሩ ሌንስ በርቀት ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ቀንዱ የሚቆምበት የአጥንት ጉቶ ነው። ቀንዱ በወደቀ ቁጥር ከጉቶው ጥቂት አብሮ ይሄዳል፤ ጉቶው ከዓመት ዓመት ያጥራል፣ ይወፍራል። በጎረምሳው ላይ ቀንዱ ከራስ ቅሉ ከፍ ብሎ በቀጭን ጉቶ ላይ ይቆማል። ባረጀው ላይ ቀለበቱ ፀጉሩ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል፤ ወደ ጎንም እንደ ቤት ክዳን ያዘነብላል። ሮ በሚባለው ትንሽ የአውሮፓ አጋዘን ላይም ይኸው ይሠራል፤ ሮ ከሌሎቹ የሚለየው ቀንዱን በመጸው ጥሎ አዲሱን በክረምት ማብቀሉ ነው። በሮ ላይ ቅርንጫፍ መቁጠር ደግሞ ጭራሽ ዋጋ የለውም፤ በየጎኑ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ካወጣ በኋላ በአብዛኛው አይጨምርም፤ የሁለት ዓመቱም የሰባት ዓመቱም ባለ ስድስት ነው። «ፊቱ ከሸበተ አርጅቷል» የሚባለውንም አትመኑ፤ የፊት ፀጉር ቀለም ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል።

የቀይ አጋዘን አቋምም ይናገራል። ጎረምሳው አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ራሱን ከፍ አድርጎ ይሄዳል። ያረጀው አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ከጀርባው ጋር እኩል አድርጎ ይሄዳል፤ የገላው ክብደትም ወደ ፊተኛው ክፍል ያጋደለ ይመስላል።

ካሜራ ዘጠኝ

ሴቶቹስ? ግማሹ መንጋ ሴት ሆኖ ሳለ ውይይቱ ሁሉ ስለ ወንድ ነው።

የሜዳ ቆጣሪ

ካሜራ ዘጠኝ፣ ልክ ነሽ። በሴቶቹ ላይ የምንተማመንባቸው ምልክቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው ሁሉም የሚሸሻቸው። አንገታቸው አያብጥም፤ ቀንድ የላቸውም (ሴቶቹ ቀንድ የሚያበቅሉት ሬንዲር በሚባለው የሰሜን ዋልታ አካባቢ አጋዘን ብቻ ነው)። ከቁመና በሐቀኝነት ሊባል የሚችለው ግልገል ናት፣ ጎልማሳ ናት፣ ወይም ያረጀች ናት የሚል ነው።

ግልገልን ከጎልማሳ የምትለዪው በፊቷ ርዝመት ነው። ከዓይን እስከ አፍንጫ ያለው በግልገል ላይ አጭር ነው፤ ጆሮዎቿም ለራሷ የበዙ ይመስላሉ። ገላዋ ደግሞ ከጎን ሲታይ ቁመቱና ርዝመቱ የተቀራረበ ሳጥን ነው፤ የጎልማሳዋ ገላ ግን ረዘም ያለ ነው። ችግሩ የሚመጣው እንስሳዋ ብቻዋን ስትቆም ነው፤ የሚነጻጸር ነገር ከሌለ ትንሽ ግልገል በርቀት ሙሉ ሴት ትመስላለች። በዚህ ላይ ወንድ ግልገል ገና ቀንዱ ስላልወጣ ከሴት ይምታታል። አናቱን እዩት፤ የወንዱ በጆሮዎቹ መካከል ጠፍጣፋ ሲሆን ጉቶዎቹ ቆዳ ሥር እንደ ጉብታ ይታያሉ፤ የሴቷ አናት ከበብ ያለ ነው።

ያረጀችዋ ፊቷ ረጅምና አጥንታም፣ ሆዷና ጀርባዋ የረገቡ ይሆናሉ። ነገር ግን ስታጠባ የከረመች የሦስት ዓመት ሴትም በበጋው መጨረሻ አጥንቷ ወጥቶ ስለምትታይ፣ በዚያ ወቅት «ያረጀች» ብሎ መመዝገብ አይገባም።

መንጋጋ

ከቁመና የተሻለው መንጋጋ ነው። የሞተ እንስሳ ሲገኝ፣ ወይም በሕጋዊ አደን የተገደለ ሲመረመር፣ የታችኛውን መንጋጋ ሳያዩ ማለፍ ጥፋት ነው። የነጭ ጭራውን የጥርስ ፍልቀትና መበላት ሥርዓት አስይዞ ያሳተመው የዱር እንስሳት ተመራማሪው ሰቨሪንግሃውስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 በኒው ዮርክ አጋዘኖች ላይ። እስከ ዛሬ የሚሠራበት የእሱ መንገድ ነው።

በቅድሚያ አንድ ማስጠንቀቂያ ለከብት አዋቂዎች። የበሬን ወይም የበግን ዕድሜ በፊት ጥርሱ መናገር የለመደ ሰው አጋዘን ላይ ይሳሳታል። ከብት የፊት የወተት ጥርሱን ጥንድ በጥንድ፣ በዓመታት ውስጥ ይነቅላል። ነጭ ጭራው ግን የመሃሉን ጥንድ በ5 እና 6 ወር ገደማ፣ የቀሩትን ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነቅሎ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የፊት ጥርሱ በዓይን ሲታይ ዕድሜ አይናገርም። እንደ ከብቱ የላይ ፊት ጥርስ የለውም፤ በቦታው ጠንካራ ድድ አለ። ከታች ስምንት የፊት ጥርሶች አሉ። ጠቅላላ ጥርሱ 32 ነው። ቀይ አጋዘን ላይኛው መንጋጋ ላይ ሁለት ትንንሽ ክራንቻ ስላሉት 34 ይሆናል።

ሥራው ሁሉ በጎን ጥርሶች ላይ ነው፤ በቅደም ተከተል፦

መንጋጋውን አጽዱ። በጥርሶቹ መካከል የተጣበቀውን የሣር ቅሪትና ሥጋ በጠንካራ ብሩሽ አውጡ። አትቀቅሉት፤ ሲቀቀል ጥርሱ ይላላል፣ ይሰነጠቃል።

ከፊት ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሙሉ አፍ በአንድ ጎን ስድስት ጥርስ አለው፤ ሦስት ፊተኛ፣ ሦስት ኋለኛ። የግማሽ ዓመቱ ግልገል ያሉት አራት ወይም፣ አምስተኛው እየወጣ ከሆነ፣ አምስት ናቸው። ስድስት ካልሞላ ዕድሜው ከዓመት ተኩል በታች ነው ወይም እዚያው ላይ ነው።

ሦስተኛውን ጥርስ እዩ። የወተቱ ሦስተኛ ጥርስ ሦስት ጉብታ አለው፤ የሚተካው ቋሚው ሁለት ብቻ። በመጸው ሦስት ጉብታ ያለውና በጣም የተበላ ሦስተኛ ጥርስ ካገኛችሁ፣ ስድስተኛውም ከድድ እየወጣ ከሆነ፣ እንስሳው 1.5 ነው። ባለ ሁለት ጉብታው ነጭ፣ ያልተበላና ገና ከድድ የወጣ ከሆነ ደግሞ ሰሞኑን ተክቷል ማለት ነው፤ ይህ የሚሆነው በ18 እና 19 ወር ገደማ ነው። በሮ አጋዘን ይህ ለውጥ ቀድሞ፣ ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ከኋላ በመቁጠር ነው። የመጨረሻው፣ ስድስተኛው፣ ቋሚ ጥርስም ሦስት ጉብታ አለው። ከተሳሳተው ጫፍ ጀምሮ «ሦስት ጉብታ አየሁ» ያለ ሰው ለስድስት ዓመቱ እንስሳ 1.5 ብሎ ይጽፋል።

ስድስቱም ቋሚ ከሆኑ ወደ መበላቱ እንሄዳለን። መንጋጋውን በምላስ በኩል ያለውን ጎን ወደ ራሳችሁ አዙሩ። የእያንዳንዱ ጥርስ ጠርዝ ላይ ነጭ የሆነው ኢናሜል፣ በመካከሉ ቡናማ የሆነው ዴንቲን ይታያል። ጥርሱ በተበላ ቁጥር ቡናማው ይሰፋል። በ2.5 የአራተኛው ጥርስ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ቡናማው ከነጩ ጠባብ ነው። በ3.5 አራተኛው ላይ ቡናማው ከነጩ ይሰፋል። በ4.5 በአምስተኛውም ላይ፤ በ5.5 በስድስተኛውም ላይ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ የአራተኛው ጥርስ መሃል ያለው ጨረቃ መሰል ጉድጓድ እየጠፋ ጥርሱ ሰሃን ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ አራተኛው ከቋሚዎቹ የጎን ጥርሶች ሁሉ ቀድሞ የወጣ፣ ብዙ ያኘከ ጥርስ ነው፤ ከሦስቱ ኋለኞች ስድስተኛው የመጨረሻው ነው።

ሰኮና

መንጋጋ፣ መግለጫህ ንጹሕ ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ልከራከርህ። «በ4.5 እንዲህ፣ በ5.5 እንዲያ» ሲባል ሰው የተረጋገጠ መለኪያ ይመስለዋል። ዕድሜያቸው ከልደታቸው ጀምሮ በሚታወቅ አጋዘኖች መንጋጋ ላይ የተደረገ ፍተሻ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ ከ2.5 በላይ ያሉትን አዘውትረው ሲስቱ ተገኙ። መደምደሚያው ይህ ዘዴ በአስተማማኝነት የሚለየው ሦስት ምድብ ነው የሚል ነበር፤ ግልገል፣ የዓመት ተኩል፣ ከዚያ በላይ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥርስ መውጣት በገላው ሰዓት የሚሄድ ነገር ነው፤ መበላት ግን በሚታኘከው ይወሰናል። አሸዋማ መሬት ላይ የሚግጥ እንስሳ አሸዋውን አብሮ ያኝካል፤ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ለስላሳ ቅጠል የሚቀጥፈው እኩያው ጥርሱ ወጣት ይመስላል። በዚህ ላይ አንድ ጥርስ ከወለቀ ወይም ከተሰበረ ተቃራኒው ሳይበላ ይረዝማል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙን ሁለቱንም ጎን ማየት ያስፈልጋል።

መንጋጋ

እስማማለሁ፤ ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አድርጌ ማስቀመጤን አርሜያለሁ። ቢሆንም ዘዴውን ጨርሶ አልጥለውም። ከዚያው አካባቢ የተገኙ፣ ዕድሜያቸው በመለያ ምልክት የሚታወቅ መንጋጋዎች ካሉ፣ አዲሱን መንጋጋ ከእነሱ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ስህተቱን ይቀንሳል። ከሌላ አፈርና ከሌላ ግጦሽ በመጣ ሥዕል ማነጻጸር ነው የሚያጠፋው። መዝገቡ ላይም «4.5» ከመጻፍ «ከ3.5 እስከ 5.5» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ዝግባ

ትክክለኛውን ዓመት ማወቅ የግድ ከሆነስ? ሌላ መንገድ የለም?

መንጋጋ

አለ፤ የጥርሱን ሥር መቁረጥ ነው። የጥርስ ሥር ሲሜንተም በሚባል አጥንት መሰል ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ሲሜንተሙም እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ዓመት በዓመት ይደረባል። በክረምት ምግብ ሲያንስ እድገቱ ይዘገይና ጠባብ ጥቁር መስመር ይፈጠራል። መስመሮቹን መቁጠር ክረምቶቹን መቁጠር ነው። በነጭ ጭራው ላይ የመሃሉ የፊት ጥርስ ለዚህ እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. በ1966 ታይቷል። በቀይ አጋዘን ላይ ደግሞ በአራተኛው የጎን ጥርስ ሥሮች መካከል የሚከማቸው ወፍራም የሲሜንተም ንጣፍ ይመረጣል።

አወሳሰዱ ላይ ነው ብዙው ናሙና የሚበላሸው። የመሃሉን ሁለት ጥርሶች ውሰድ፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይተካዋል። በጉጠት ዝም ብለህ ከሳብከው ሥሩ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ የምንፈልገው ደግሞ ሥሩን ነው። ድዱን በጠባብ ቢላ በጥርሱ ዙሪያ ጠልቀህ ቁረጥ፤ ጥርሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ እያነቃነቅክ አውጣ። አትቀቅለው፣ በበረኪናም አትንከረው፤ ሁለቱም ሥሩ ላይ ያለውን ቲሹ ያጠፋሉ። በወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርገው፤ ላስቲክ ርጥበቱን ይዞ ያሻግተዋል። በፖስታው ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጾታውንና የጎን ጥርሶቹን ሁኔታ ጻፍ። ቤተ ሙከራው በአሲድ አለስልሶ በስሱ ይቆርጠዋል፤ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያየዋል።

ለግልገልና ለዓመት ተኩል እንስሳ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ ልፋት ነው፤ በጥርስ ፍልቀቱ ወዲያው ይታወቃሉና።

የሜዳ ቆጣሪ

ይህ ዘዴ ክረምቱ በከበደበት አገር ይሠራል። ክረምቱ ለስላሳ በሆነበት መስመሩ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ በአንድ ዓመት ሁለት መስመር ይታያል። ወደ ሐሩር ስንወርድ ችግሩ ከዚህም ይሰፋል። የሕንዱ ነጠብጣባም አጋዘን ቺታል ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል፤ ወንዶቹም ቀንዳቸውን የሚጥሉት በአንድ ወቅት አይደለም፤ በአንድ መንጋ ውስጥ አንዱ ቀንዱን ጥሎ፣ ሌላው በከፋይ ቆዳ ውስጥ ሆኖ፣ ሦስተኛው የጠነከረ ቀንድ ይዞ ይገኛል። እዚያ «1.5፣ 2.5» የሚለው አቆጣጠር መነሻ የለውም፤ የአንገት ማበጥም በአንድ ወር አይመጣም። በወራት ለመናገር የጥርስ ፍልቀት ብቻ ይቀራል።

ዝግባ

የኩዱን ቀንድ ከላይ ጠቅሳችሁ አልፋችሁታል። የማይወድቅ ከሆነ ዕድሜውን የተሻለ ይናገራል ማለት ነው?

ሰኮና

ለወንዱ፣ እስከ ተወሰነ ዕድሜ፣ አዎ። ቀንዱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል፤ የመጀመሪያውን ሙሉ ጥምዝ በሁለት ዓመቱ ገደማ ይጨርሳል፤ ሁለት ተኩሉን ጥምዝ የሚሞላው ስድስት ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ጥምዝ አይጨምርም፤ ጫፉም በመፋተግ ይበላል፤ ስለዚህ የስምንት ዓመቱንና የአሥር ዓመቱን በጥምዝ መለየት አይቻልም። በሴቷ ላይ ይህ ጭራሽ አይሠራም፤ ቀንድ የላትም።

ካሜራ ዘጠኝ

ወደ ፎቶ እንመለስ፤ ብዙዎቻችን ያለን ያ ነው። በወጥመድ ካሜራ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ በሚያነሳ) የተነሳ አንድ ወንድ አለ። በኅዳር፣ ሌሊት፣ ካሜራው በጉልበት ቁመት ታስሮ። እንስሳው ወደ ካሜራው ግማሽ ጎኑን ሰጥቶ፣ ራሱን አጎንብሶ ይበላል። አሥር ቅርንጫፍ፤ ቀንዱ ከጆሮው ይሰፋል። ደረቱ በጣም ጥልቅ፣ ሆዱ የወረደ ይመስላል። አንዳንዱ 5.5 አለ፣ አንዳንዱ 3.5።

የሜዳ ቆጣሪ

ከዚያ ፎቶ ብቻ ፍርድ አይሰጥም። ምክንያቱን ልዘርዝርልሽ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለታሰረ ደረቱንና ሆዱን ከሥር እያየ ነው፤ ያ ሆዱን ያወርደዋል። ሰፊ ሌንስ ወደ እሱ የቀረበውን ያገዝፋል፤ እንስሳው ግማሽ ፊቱን ወደ ካሜራው ስላዞረ የቀረበው ደረቱ ነው። ራሱን አጎንብሷል፤ ሲያጎነብስ የአንገቱና የትከሻው መገናኛ ይዘረጋና አንድ ወጥ ይመስላል፤ የጀርባውም መስመር ይለወጣል። የሌሊቱ ብልጭታ ደግሞ የቋንጃውን ጥቁረት ያደበዝዘዋል። አራቱም የምንመዝንባቸው ቦታዎች ተዛብተዋል።

ካሜራውን በሰው ወገብ ቁመት፣ ከመንገዱ በቀጥታ ጎን፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ላይ እሰሪው። ያው እንስሳ በቅርንጫፎቹ አቀማመጥ ስለሚለይ፣ ቢያንስ ሦስት ፎቶ በተለያየ ቀን ሰብስቢ፤ ሙሉ ጎኑን ሰጥቶ፣ ራሱን በመደበኛ ከፍታ ይዞ፣ ፀጉሩ ሳይረጥብ። ከዚያ ቀንዱን ሸፍነሽ አንገቱ ከትከሻው ይለያል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከተለየ ቀንዱ አሥርም ይሁን አሥራ ሁለት፣ 3.5 ወይም ከዚያ በታች ብለሽ መዝግቢ።

ካሜራ ዘጠኝ

ሌሎች ሁለት ፎቶዎች ተገኙ፤ ሁለቱም ቀን፣ ሙሉ ጎን፣ አንዱ በጥቅምት መጨረሻ፣ አንዱ በኅዳር አጋማሽ። አንገቱ አብጧል፤ ግን ትከሻው ጋ ሲደርስ ግልጽ ስብራት አለ። ሽንጡ ከደረቱ ከፍ ይላል። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። የቋንጃው ጥቁረት ዕጢው ላይ እንጂ ወደ ታች አልወረደም።

ጥርስ ተመልካች

የአንገቱ ስብራት፣ የሽንጡ ከፍታና ቀጥ ያለው ጀርባ ሦስቱም አንድ ነገር ይናገራሉ። 3.5 በይው፤ 2.5 የመሆን ዕድልም ስላለ በመዝገቡ «2.5–3.5» ብለሽ አስገቢው። 5.5 ያሉት ቀንዱን አይተው ነው። ፎቶዎቹን ከነቀናቸው አስቀምጪ፤ በሚቀጥለው መጸው ያው እንስሳ ሲመለስ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እናነጻጽራለን።